ጠላቱን አዳራሹ ይመርጣል

ስሙኝማ! ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ሩጫ ነው። ሌሊት ነው፤ ከተማው ተኝቷል። ፊቷን በጥቁር ጨርቅ የሸፈነች ሌባ ከአንድ የመኳንንት ግቢ የከበረ ሰይፍ ሰርቃ ጣራ ላይ ወጥታለች። በዕድሜ የበሰለች ሌላ ሴት ከኋላ ከኋላዋ ትከተላታለች። ከጣራ ጣራ፣ ከግንብ ግንብ። ሌላ ሙዚቃ የለም፤ ከበሮ ብቻ። ጥቂት ቆይቶ እግራቸው ጣራውን መርገጡን ይተውና እየነካ ብቻ ያልፍ ጀመር። ከዚያ እሱም ቀረ። በረሩ። ክንፍ የለ፣ ድግምት የለ፤ በፊልሙ ውስጥ ካሉት ሰዎችም «ለምን በረሩ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ የለም።

ይህ የታየው ፈረንሳይ አገር፣ በካን የፊልም ፌስቲቫል፣ በ2000 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ነው። (ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ በየመንገዱ ሰባትና ስምንት ስንቀንስ እንዳይመሽብን።) ፊልሙ የአንግ ሊ «ክራውቺንግ ታይገር፣ ሂድን ድራገን» ነው። አዳራሹን የሞሉት ሐያስያንና ጋዜጠኞች ናቸው። ሐያሲን መቼም ታውቁታላችሁ፤ በቀን ሦስት አራት ፊልም አይቶ ዓይኑ የደከመ፣ ለማጨብጨብ እጁ የሚከብደው ፍጡር ነው። ያ የጣራ ላይ ሩጫ ሲያበቃ ግን አጨበጨቡ። ፊልሙ ገና መጀመሩ ነበር።

ያው ፊልም በዚያው ዓመት ቻይና ገባ። እዚያ ካዩት መካከል ብዙዎቹ ቀዘቀዙበት። የሳቁበትም አሉ። የሳቁት ደግሞ ነገሩ ስላልገባቸው አይደለም፤ ከአያቶቻቸው ጀምሮ ሰይፈኛ በአየር ላይ ሲሄድ ያዩ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ባለቤቱ የሳቀበትን እንግዳው ለምን አጨበጨበለት?

መልሱን አሁን አልሰጣችሁም፤ ከሰጠኋችሁ ተነሥታችሁ ትሄዳላችሁ። መጀመሪያ ሻንጋይ እንሂድ።

ዘመኑ 1928 ነው። ፊልም ገና ድምፅ የለውም። ሚንግሺንግ የሚባል የሻንጋይ ኩባንያ «የቀይ ሎተስ ቤተ መቅደስ መቃጠል» የሚል ፊልም ያወጣል። ሰይፈኞች ይበራሉ፤ ሰይፋቸው ከእጃቸው ወጥቶ ብቻውን ይዋጋል። ሕዝቡ አበደ። ኩባንያው ገበያውን አይቶ ቀጠለ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ 18 ክፍል አወጣ። ደራሲው ማኦ ዱን በዚያ ዘመን ስለ ተመልካቹ ጽፏል። አዳራሹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸትና ጭብጨባ ነው፤ ሰዉ ሥዕል የሚያይ ሳይሆን እውነተኛ ጦርነት መሐል የገባ ይመስላል ነው የሚለው። ማኦ ዱን ይህን ያለው ሊያመሰግን አይደለም። እንዲህ ያለው ነገር ሰውን ከእውነተኛ ችግሩ ያደነዝዛል ባይ ነበር። መንግሥትም በበኩሉ ተጨነቀ፤ ልጆች ከቤት እየጠፉ የሚበሩ መምህራንን ፍለጋ ወደ ተራራ ይሄዳሉ ተባለና፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፊልሙ ታገደ።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ያው ነገር ተደገመ። በ1982 «የሻውሊን ገዳም» የሚለው ፊልም ቻይናን አጥለቀለቀ። መሪ ተዋናዩ ጄት ሊ ነው፤ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ የአገሪቱን የውሹ፣ ማለትም የቻይና ማርሻል አርት፣ ሻምፒዮና ደጋግሞ ያሸነፈ ልጅ። ሄናን ውስጥ ያለው እውነተኛው የሻውሊን ገዳም በዚያን ጊዜ የፈራረሰ፣ በጣት የሚቆጠሩ አረጋውያን መነኮሳት የቀሩበት ቦታ ነበር። ከፊልሙ በኋላ ልጆች ከየጠቅላይ ግዛቱ ደብተራቸውን ጥለው «አመንኩሱን» እያሉ በሩ ላይ ተኮለኮሉ። ዛሬ በአቅራቢያው ያለችው ዴንግፌንግ ከተማ በኩንግ ፉ ትምህርት ቤት ተሞልታለች። ፊልም ገዳም ሲያስነሣ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ያዙልኝ። ቻይናዊ ተመልካች ዝም ብሎ አይቀመጥም። የቤይጂንግ ኦፔራ ልማድ አለበት፤ ተዋናዩ ከባድ ዝላይ ሲዘል ወይም ድምፁን በልኩ ሲያወጣ፣ ከአዳራሹ «ሃዎ!» ይባላል፤ ጎሽ ማለት ነው። ሲሳሳትም ዝም አይባልም። ስለዚህ ይህ ሰው ወደ ፊልም ቤት ሲገባ ገምጋሚ ሆኖ ነው የሚገባው። የእግሩን አጣጣል ያያል፤ አነጋገሩን ያዳምጣል።

አሁን ወደ ሆንግ ኮንግ ተሻገሩልኝ። 1972። ብሩስ ሊ መጥቷል።

ብሩስ ሊ በ1940 ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ ሆንግ ኮንግ ያደገ ልጅ ነው። አሜሪካ ተመልሶ በቴሌቪዥን «ግሪን ሆርኔት» ላይ ሠርቷል፤ ያውም የጌታው ሾፌርና አጋዥ ሆኖ፣ ግማሽ ፊቱን ጭንብል ሸፍኖት። ሆሊውድ መሪ ተዋናይ ሊያደርገው አልፈለገም። ሆንግ ኮንግ ገብቶ በሁለተኛው ዋና ፊልሙ «ፊስት ኦፍ ፊውሪ» ላይ ምን አደረገ? ታሪኩ የድሮው ሻንጋይ ነው፤ የውጭ ኃይሎች ከተማዋን ተከፋፍለዋታል። የኩንግ ፉ መምህሩ ሞቷል። በለቅሶው መሐል ከጃፓን የካራቴ ትምህርት ቤት ሰዎች መጥተው አንድ ጽሑፍ ያቀብላሉ፤ ቻይናውያንን «የእስያ በሽተኞች» የሚል። ብሩስ ሊ ጽሑፉን ይዞ ብቻውን ወደ እነርሱ ይሄዳል። ሁሉንም ዘርሮ ወረቀቱን ያስበላቸዋል። ከዚያ መናፈሻ በር ላይ ይደርሳል፤ ውሻና ቻይናዊ መግባት ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ዘሎ በእርግጫ ሰሌዳውን ይሰባብረዋል።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆዩልኝ። ይህን ፊልም አይቶ አዳራሹን በጩኸት ያናጋው የሆንግ ኮንግ ሕዝብ በዚያን ጊዜ የሚተዳደረው በማን ነበር? በእንግሊዝ። ጃፓኖች ከለቀቁ 27 ዓመት ሆኗቸዋል። በሸራው ላይ የሚመታው ጃፓን ነው፤ የአዳራሹን ደጅ የሚጠብቀው ፖሊስ ግን ደመወዙን የሚቀበለው ከለንደን በተላከ ገዥ ስም ነው። ተመልካቹ ለማን እንደጮኸ እኔ አልወስንለትም። ሰሌዳ መሆኑ ብቻ በቂ ነው።

ደግሞ ስሙ። በ1973 መጨረሻ «ኤንተር ዘ ድራገን» ጃፓን ገባና የጃፓን ልጆች በብሩስ ሊ ነደዱ። በሚቀጥለው ዓመት ያ ጃፓኖች የሚደበደቡበት «ፊስት ኦፍ ፊውሪ» መጣ፤ ወደዱት። እነዚያ ክፉ ጃፓኖች እነርሱ አይደሉማ! የጃፓን ጎረምሳ ራሱን ያየው በብሩስ ሊ ውስጥ ነው። ክፉዎቹን ደግሞ ለራሱ አለቃ ወይም ለትምህርት ቤቱ ጉልቤ ሰጥቶ ይሆናል።

የኩንግ ፉ ፊልም አጥንቱ ቀላል ነው። ሰው ይዋረዳል ወይም መምህሩ፣ አባቱ፣ ወንድሙ ይገደልበታል። ይሸነፋል። ሄዶ በመከራ ይማራል፤ ውኃ ይሸከማል፣ በእንጨት ላይ ይቆማል፣ እጁን ትኩስ አሸዋ ውስጥ ይከታል። ይመለሳል። ይበቀላል። በዚህ አጥንት ላይ አንድ ባዶ ቦታ አለ፤ የጠላት ቦታ። ፊልሙ በዚያ ቦታ አንድ ሰው ያስቀምጣል፣ ጃፓናዊ፣ ወይም የማንቹ ባለሥልጣን፣ ወይም ነጋዴ። አዳራሹ ግን ያንን አንሥቶ የራሱን ያስቀምጣል። ይህን ይዛችሁ ኒው ዮርክ ኑ።

በመጋቢት 1973 ዋርነር ብራዘርስ አንድ የሆንግ ኮንግ ፊልም ለአሜሪካ ሰጠ፤ «ፋይቭ ፊንገርስ ኦቭ ዴዝ»። ሠሪው የሾ ወንድማማቾች ስቱዲዮ፣ ዳይሬክተሩ ኮሪያዊ፣ መሪ ተዋናዩ ሎ ሊዬ ኢንዶኔዥያ የተወለደ። እንግዲህ «የቻይና ፊልም» የምንለው ራሱ ከመነሻው የብዙ አገር ሰው እጅ ያለበት ነው። ግንቦት ላይ «ቫራይቲ» የተባለው የፊልም ጋዜጣ ባወጣው የገበያ ዝርዝር ከአንድ እስከ ሦስት የተቀመጡት ሦስቱም የሆንግ ኮንግ ካራቴ ፊልሞች ነበሩ። በሆሊውድ አገር!

ገንዘቡን የሰጠው ማን ነው? በብዛት ጥቁር አሜሪካዊው የከተማ ወጣት ነው። በዚያን ጊዜ ነጮች ወደ ከተማ ዳርቻ እየለቀቁ ሄደዋል፤ መሐል ከተማ የቀሩት ትልልቅ የድሮ ሲኒማ ቤቶች ወንበራቸው ተቀዷል፣ ተመልካች አጥተዋል። ባለቤቶቹ ርካሽ ፊልም ፈለጉ፤ ከሆንግ ኮንግ ርካሽ ፊልም መጣ። ነገሩ የተጀመረው በገንዘብ እጥረት ነው እንጂ በባህል ልውውጥ አይደለም። ግን ልጆቹ ገብተው ሲያዩ፣ በሸራው ላይ የሚያሸንፈው ነጭ አይደለም። ጠመንጃም የለውም። የመሬት ከበርቴ፣ ጉቦኛ ዳኛ፣ የውጭ ገዥ ይረግጠዋል፤ እሱ ደግሞ የሚመልሰው በእጁና በእግሩ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደለ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ከዚህ በላይ ማብራሪያ ለማን ይጠቅማል?

ሆሊውድም ገባው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በወጣው «ኤንተር ዘ ድራገን» ውስጥ ጂም ኬሊ የተባለ ጥቁር የካራቴ ሻምፒዮን አለ። በታሪኩ ወደ አንድ የፍልሚያ ውድድር ሊሄድ ሲል ሁለት ነጭ ፖሊሶች መንገድ ላይ አስቁመው ያንገላቱታል። ሁለቱንም ዘርሮ በራሳቸው መኪና ይሄዳል። ይህች ትዕይንት ለታሪኩ ምንም አትፈይድም፤ ብትቆረጥ ማንም አያጣት። የተቀመጠችው ለአዳራሹ ነው። ብሩስ ሊ ይህን ጭብጨባ አልሰማም፤ ፊልሙ አሜሪካ ሳይታይ ሐምሌ 20 ቀን በ32 ዓመቱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ 42ኛው ጎዳና የካራቴ ፊልም መንደር ሆነ። ፊልሞቹ እንግሊዝኛ የሚናገሩት በትውስት አፍ ነው፤ አፍ ከተዘጋ በኋላ ቃል ይመጣል፣ ቃል ካለቀ በኋላ አፍ ይንቀሳቀሳል። ሐያስያን አሾፉበት። ልጆቹ ግን ያንን አነጋገር በቃላቸው ያዙት። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ሪዛ ይባላል። «የሻውሊን 36ኛው ክፍል» የሚለውን የ1978 ፊልም አይቶ አልወጣለት አለ። ታሪኩ በማንቹ ገዥዎች ወገኖቹን ያጣ ወጣት ሻውሊን ገዳም ገብቶ፣ ክፍል በክፍል እየተፈተነ ተምሮ የሚወጣበት ነው። ሪዛ በኋላ ሲናገር፣ እዚያ ያየው የጥቁር ሕዝብን ታሪክ እንደሆነ ገልጿል። በ1993 ከጓደኞቹ ጋር ዉ ታንግ ክላን በሚል የራፕ ቡድን ስም የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። ስሙም፣ በአልበሙ ውስጥ ያለው የሰይፍ ድምፅና ንግግርም ከእነዚያ ፊልሞች የተወሰደ ነው። የሚኖሩባትን የስታተን አይላንድን ሰፈር «ሻውሊን» አሏት። መነኩሴ የሌላት ሻውሊን።

እንግሊዝን በአጭሩ እንለፋት። እንግሊዝ የፈራችው ዱላውን ነው። ብሩስ ሊ የሚያሽከረክራቸው በሰንሰለት የተያያዙ ሁለት አጫጭር ዱላዎች አሉ አይደል፣ ነንቻኩ የሚባሉት? የአገሪቱ የፊልም ሳንሱር ልጆች ይኮርጁታል ብሎ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዱላው የሚታይበትን ቦታ ሁሉ ይቆርጥ ነበር። ስለዚህ የእንግሊዝ ልጅ ብሩስ ሊ እጁን ወደ ወገቡ ሲሰድ ያያል፤ ቀጥሎ ሰዎች ወድቀው ያያል። መሐሉን ራሱ ይሙላው።

አሁን ግን ወደ ማዳጋስካር እንሄዳለን። ይህንን ቁጭ ብላችሁ ስሙት።

ዘመኑ 1984 ነው። ዋና ከተማዋ አንታናናሪቮ በድህነት ተይዛለች። ፕሬዚዳንት ዲዲየ ራትሲራካ ሶሻሊስት ነኝ ይላል። ቲ.ቲ.ኤስ. የሚባሉ የመንግሥት ወጣቶች አሉ፤ ለአብዮቱ ጥበቃ የተደራጁ፣ በኋላ ግን ሰፈሩን የሚያስጨንቁ፣ የሚቀሙ፣ የሚደበድቡ። አብዮት ጥበቃ የሚለው ቃል ሲነሣ ትከሻው የሚሸማቀቅ የእኛ አገር ሰው ይህን ዓይነት ጎረምሳ አሳምሮ ያውቀዋል። የከተማዋ ልጆች ደግሞ የብሩስ ሊን ፊልም አይተዋል። አይተው ቤታቸው አልገቡም፤ ማኅበር አቋቋሙ። የኩንግ ፉ ማኅበራት በየሰፈሩ በቀሉ፤ አባላቱ በሺዎች ሆኑ። መሪያቸው ፒየር ሚዛኤል አንድሪያናሪጃኦና ይባላል። ይማራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ሰፈራቸውን ከቲ.ቲ.ኤስ. ይጠብቃሉ።

መንግሥት በመስከረም ወር ማንኛውንም የማርሻል አርት ልምምድ ከለከለ። አስቡት፤ ሠራዊትና ታንክ ያለው መንግሥት ባዶ እጅን በአዋጅ ሲከለክል። በታኅሣሥ መጀመሪያ የኩንግ ፉ ልጆች በቲ.ቲ.ኤስ. ዋና ሰፈር ላይ ዘመቱ። ብዙ ሰው ሞተ፤ ቲ.ቲ.ኤስ. ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ሊሆን አልቻለም። ለስምንት ወር ያህል መንግሥት ታገሠ። ከዚያ በ1985 በሐምሌ ማብቂያ ሠራዊቱ በታንክና በሄሊኮፕተር መጥቶ የኩንግ ፉ ማኅበሩን ማዕከል ደበደበ። መሪው ከብዙ ተከታዮቹ ጋር ተገደለ።

ብሩስ ሊ ያን ፊልም ሲሠራ ማዳጋስካር በሐሳቡ አልነበረችም። «ፊስት ኦፍ ፊውሪ» የሚያልቀው ጀግናው ወደተደገነ ጠመንጃ ዘሎ ሲወረወር ነው፤ ሥዕሉ በአየር ላይ ይቆማል፣ የተኩስ ድምፅ ይሰማል፣ አበቃ። የአንታናናሪቮ ልጆች ያንን መጨረሻ ጭምር ነው የወሰዱት።

የእኛንስ? የእኛን ሁላችሁም ታውቁታላችሁና አላስረዝመውም። ቪዲዮ ቤት፤ አግዳሚ ወንበር፤ በመጋረጃ የጨለመ ክፍል፤ የሰው ወበቅ። በቴሌቪዥኑ ላይ ቻይናዎቹ ይነጋገራሉ፣ ከታች እንግሊዝኛ ይጻፋል፣ የሚያነበው የለም። ግድ የለም። አክተሩ ማን እንደሆነ በሁለት ደቂቃ ይታወቃል፤ አክተሩ ደግሞ አይሞትም። ከሞተ «ፊልሙ ተቆርጧል» ተብሎ ከባለቤቱ ጋር ጠብ ይነሣል። ከፊት የተቀመጠ አንድ ዐዋቂ «አባቱን የገደለው እሱ ነው» ይላል፤ ያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው ትርጉም። ደም መላሽ ምን እንደሆነ ለአበሻ ማን ያስተምረዋል? ጀግናው መከራውን ጨርሶ ሲመለስና የመጨረሻው ፍልሚያ ሲጀመር ከአዳራሹ የሚወጣው ጩኸት በሽለላው፣ በፉከራው ሜዳ የሚሰማው ያው ነው፤ በለው! ቤይጂንግ «ሃዎ!» የሚለው ለጥበቡ ነው። የእኛ «በለው!» ለበቀሉ ነው። ሲወጡ ደጅ ላይ አቧራው ይጨሳል፤ ሁሉም ጄት ሊ ነው፣ ጠላት ለመሆን ፈቃደኛ የሆነ ግን የለም።

አሁን ወደዚያ ጣራ እንመለስ፤ መልሱን ልስጣችሁ።

አንግ ሊ የታይዋን ሰው ነው፤ አሜሪካ ተምሮ እዚያው የሚሠራ። በልጅነቱ የሰይፈኛ ፊልም ሲያይና ልብ ወለድ ሲያነብ አድጓል። ኪንግ ሁ የተባለው ታላቅ ዳይሬክተር በ«ኤ ተች ኦቭ ዜን» ፊልሙ በቀርከሃ ጫካ ውስጥ ያሳየውን ፍልሚያ ያውቃል፤ በራሱ ፊልምም ተዋናዮቹን ቀርከሃ ጫፍ ላይ አወጣቸው። ፍልሚያውን የነደፈው ዩን ዉ ፒንግ ነው፤ ከአንድ ዓመት በፊት ለወጣው «ማትሪክስ» የሆሊውዶቹን ተዋናዮች ያሠለጠነው። ተዋናዮቹ በሽቦ ተንጠልጥለዋል፤ ሽቦው በኮምፒውተር ተደምስሷል። ወጪው 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 128 ሚሊዮን አስገባ፤ በባዕድ ቋንቋ የተሠራ ፊልም እዚያ 100 ሚሊዮን ሲያልፍ የመጀመሪያው ነው። 4 ኦስካር ወሰደ።

ቻይናዊው ተመልካች ግን መጀመሪያ የሰማው ድምፁን ነው። መሪ ተዋናዩ ቾው ዩን ፋት የሆንግ ኮንግ ሰው ነው፤ አፉን የፈታው በካንቶኒዝ ነው። ሚሼል ዮ የማሌዥያ ልጅ ናት፤ የማንዳሪን ቃሏን በድምፁ ነው ያጠናችው። ቻንግ ቼን በታይዋን ቅላጼ ይናገራል። የቤይጂንግ አፍ ያላት ሌባዋን የምትጫወተው ወጣቷ ዣንግ ዚዪ ናት። እስቲ አስቡት፤ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ፊልም ተሠርቶ፣ ንጉሡን የሚጫወተው ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል ጽፎ ያጠና ፈረንጅ ቢሆን፣ በዚያ አፍ ፍቅርና ክብር ሲያወራ ጎንደር ላይ ፊልም ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን። የካን ሐያሲ ይህን ሊሰማ አይችልም። እሱ ከታች ያነብባል፤ ለእሱ ሁሉም ቻይንኛ ነው። አለማወቁ ጠቀመው።

በረራውም እንዲሁ ነው። ለሻንጋይ አዳራሽ ከ1928 ጀምሮ የታየ፣ ያረጀ ነገር ነው። ለካን ግን አዲስ።

እኔ ግን ትልቁ ምክንያት ሌላ ይመስለኛል፤ ያ ባዶ የጠላት ቦታ። በዚህ ፊልም ውስጥ የሚበቀሉት ጠላት አለ፤ ጄድ ፎክስ የምትባል አሮጊት፣ የጀግናውን መምህር የገደለች። ግን ትንሽ ቆይቶ የእሷም በደል ይነገራል፤ መምህሩ ወደ አልጋው አቀረባት እንጂ ጥበቡን አላስተማራትም። ታዲያ በለው የሚባለው ለማን ነው? ጀግናው ራሱ ሰይፉን ለማስቀመጥ ነው የሚፈልገው። ወጣቷ ሌባ የምትሸሸው ከተዳረችበት ትዳር ነው። ሁሉም በልቡ የያዘውን ሳይናገር ይኖራል። በቀል ለምዶ የመጣ ተመልካች ይህን ሲያይ እግሩን ማወዛወዝ ይጀምራል፤ «መቼ ነው የሚጀምሩት?» ይላል። ኩንግ ፉን ንቆ ሲያልፍ የኖረው የምዕራብ ተመልካች ደግሞ በተቃራኒው የፍቅር ታሪክ አገኘና ደስ አለው። ፊልሙ ቲኬት የቆረጠለት ለካራቴ ወዳጅ ሳይሆን ካራቴ ለማይወድ ሰው ነው። በዚህ ላይ እኔ ከፈረንጁ ጋር ነኝ፤ ዣንግ ዚዪ በምግብ ቤቱ ውስጥ አንድ ጭፍራ ሙሉ ስታተራምስ ግን ከቪዲዮ ቤቱ ጋር ነኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዣንግ ዪሙ «ሂሮ»ን ሲሠራ ቻይናዊው ተመልካች በብዛት ወጣ፤ እስከዚያ ከተሠሩት የአገር ውስጥ ፊልሞች ሁሉ የላቀ ገቢ አገኘ። ይህም ግን በቀልን የሚያስቀር ፊልም ነው፤ ገዳዩ የቺንን ንጉሥ ሊገድል ደርሶ፣ አገር አንድ ትሁን ብሎ ይተወዋል። ጨካኝ ገዥን ማመስገን ነው ብለው የተቆጡ ብዙ ናቸው፤ ቻይናውያንም ውጭ ያሉትም። አሜሪካኖች ፊልሙን ሁለት ዓመት መጋዘን አስቀምጠው በ2004 ሲያወጡት በመጀመሪያ ሳምንቱ አንደኛ ሆነ። በየወንበሩ የተቀመጠው አብዛኛው ሰው የቺን ንጉሥ ማን እንደሆነ አያውቅም፤ ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ነጩን ቀሚስ እያየ ነበር።

ጠላት የሌለበት ጀግና የፈለጉ ሰዎችም አጋጥመዋል። ሞስታር የምትባል የቦስኒያ ከተማ አለች፤ በ1990ዎቹ ጦርነት ክሮአቶችና ቦስኒያኮች የተጨራረሱባት፣ ጥንታዊ ድልድይዋ በመድፍ የወደቀባት። ከጦርነቱ በኋላ ወጣቶች ሐውልት ሊያቆሙ ተነሡ። የማን? የዚህ ወገን ጀግና ለዚያ ወገን ነፍሰ ገዳይ ነው። ቅዱስ ቢሉ የአንዱ ሃይማኖት ነው፣ ገጣሚ ቢሉ የአንዱ ቋንቋ ነው። ሁለቱም ወገን በልጅነቱ ያጨበጨበለትን ሰው ፈለጉ፤ ብሩስ ሊን አገኙ። ኅዳር 26 ቀን 2005 ሐውልቱ ቆመ፤ ሆንግ ኮንግ የራሷን ከማቆሟ በአንድ ቀን ቀድሞ! ፊቱን ወደ ምሥራቅ ቢያዞሩት ለአንዱ፣ ወደ ምዕራብ ቢያዞሩት ለሌላው ጠብ ነው፤ ወደ ሰሜን አዞሩት። ብዙም ሳይቆይ ጎረምሶች ጎዱት። ተነሣ፤ በ2013 ተመለሰ፤ በ2024 ደግሞ ተሰረቀ።

የመጨረሻዋ ጣቢያችን ካምፓላ ናት፤ እዚያ የሙያ ወንድም አለኝ።

ካምፓላ ውስጥ ቪዲዮ ቤቶች አሉ፤ በየቪዲዮ ቤቱም ቪጄ የሚባል ሰው ማይክ ይዞ ይቀመጣል። ፊልሙ እየታየ በሉጋንዳ ይተረጉማል፤ መተርጎም ብቻ አይደለም፣ ይቀልዳል፣ ይሰድባል፣ ለጀግናው ምክር ይሰጣል፣ ክፉውን የሰፈሩ ሰው ያደርገዋል። ያን ባዶ የጠላት ቦታ በማይክ የሚሞላ ባለሙያ ማለት ነው። በዚያችው ከተማ ዋካሊጋ የሚባል የድሃ ሰፈር አለ። አይዛክ ናብዋና የሚባል ጡብ ይሠራ የነበረ ሰው በ2010 እዚያ «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የሚል ፊልም ሠራ፤ ወጪው 200 ዶላር አይሞላም ይባላል። ናብዋና ልጅ ሳለ ፊልም ቤት አይገባም ነበር። ታላላቅ ወንድሞቹ አይተው ይመጡና ማን ማንን እንደመታ፣ ማን ከየት እንደዘለለ ይተርኩለታል። እሱ በጆሮው ነው ያየው።

በፊልሙ ውስጥ የሟቹ ካፒቴን ወንድም ብሩስ ዩ ይባላል፤ በሻውሊን የሠለጠነ ዑጋንዳዊ። የወንድሙን ደም ሊመልስ ይመጣል፤ በጭቃው ውስጥ ይገለበጣል፣ ይራገጣል፣ የተቆለሉ ጎረምሶችን ይዘርራል። ቪጄ ኢሚ ከላይ ሆኖ ያለ ዕረፍት ይጮኻል። ፊልሙ ያልቃል፤ ካፒቴን አሌክስን ማን እንደገደለው ግን እስከ መጨረሻው አይነገርም። ማንም ገንዘቤን መልሱልኝ አላለም። ይህን ሁሉ እኔ በወረቀት ላይ በዝግታ ነገርኳችሁ፤ ቪጄ ኢሚ ቢነግራችሁ ኖሮ ገና ሻንጋይ ሳንደርስ ሁለት ሄሊኮፕተር ይወድቅ፣ ከእናንተም አንዱ ኮማንዶ ተብሎ ይሾም ነበር።